በጀርመን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመከር ምስጋና በዓል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ላይ ልጃችሁ ከመዋዕለ ሕፃናት አንዲት ወረቀት ይዞ ይመጣል። «የፊታችን እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ አትክልትና ፍራፍሬ የያዘች ትንሽ ቅርጫት አዘጋጁለት» ትላለች። ወይም ፎቅ ላይ ያሉት ባልቴት ደረጃ ላይ ያገኟችሁና «ኤርንተዳንክ ነው፣ ኑ» ይሏችኋል። ጀርመን አገር የሚኖር ሐበሻ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በዓል ጋር የሚተዋወቀው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፦ ልሂድ? ምን ልያዝ? ቁርባኑስ? ምግቡስ?

በዓሉ ምንድን ነው?

ለመከሩ እግዚአብሔር የሚመሰገንበት እሑድ ነው። ኤርንተዳንክፌስት ይሉታል። ከእርሻ፣ ከጓሮና ከወይን ተክል የተገኘው ሁሉ መንበሩ ፊት ይደረደራል፣ ይባረካል፣ ኋላም ለሰው ይታደላል። እንደ ገና ወይም ፋሲካ ዋና በዓል አይደለም። ካቶሊኮች እንዲያከብሩት አይገደዱም፣ ግን የማያከብር ቁምስና (የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው) ማግኘት ይከብዳል። ፕሮቴስታንቶችም ያከብሩታል።

የሚገርመው፣ ከተማ ውስጥ ከሚያከብሩት አብዛኞቹ ድንቻቸውን የሚያውቁት በሱፐርማርኬት መረብ ታስሮ ነው። ቢሆንም ቤተ ክርስቲያኑ ያን ቀን ይሞላል። እኔ ከጀርመን የቤተ ክርስቲያን በዓላት ሁሉ ለእንግዳ የሚቀለው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ስለ ምግብና ስለ ምስጋና ለሐበሻ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መቼ ይከበራል?

በአብዛኛው በጥቅምት የመጀመሪያ እሑድ፣ በእነሱ አቆጣጠር። የጀርመን ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ይህን ቀን ያስቀመጠው በ1972 ነው። በእኛ ሲመነዘር መስከረም 20ዎቹ ውስጥ ይውላል፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በ2026 ለምሳሌ ጥቅምት 4 ሲሆን፣ በእኛ መስከረም 24 ቀን 2019 ነው።

አገር ቤት በዚያ ሰሞን እሸቱ ገና እየደረሰ ነው፤ መከሩ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። እዚህ ግን ስንዴውና ገብሱ የሚታጨደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። መስከረም ሲያልቅ ድንቹም ፖሙም ከሞላ ጎደል ገብቷል።

ቀኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ወይን በሚመረትባቸው አካባቢዎች ወይኑ እስኪለቀም የሚጠብቁ አሉ። ደግሞም ዛሬ አንድ ካህን ብዙ መንደሮችን ስለሚያገለግል፣ አንዱ መንደር በዚህ እሑድ፣ ሌላው በሚቀጥለው ያከብራል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ያለችውን የመስታወት ሳጥን እዩ። የሳምንቱ ፕሮግራም እዚያ ይለጠፋል። የቁምስናው ድረ ገጽም ላይ ይወጣል። ወደ ገጠር የምትሄዱ ከሆነ የእሑድ አውቶቡስ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ቦታ የለም።

ኦርቶዶክስ ነኝ። መሄድ እችላለሁ? ሙስሊም ወይም ጴንጤ ብሆንስ?

በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም መታወቂያ አይጠይቅም፣ ማንም «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» አይላችሁም። ከኋላ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ሙስሊም ወላጆች የልጃቸውን ዝማሬ ሊያዩ መጥተው መቀመጣቸው የተለመደ ነው።

ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ጋር መጸለይ ልክ ነው አይደለም የሚለው ግን የካቶሊኮች ጥያቄ አይደለም፣ የራሳችሁ ነው። ልባችሁ ካላረፈ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ።

ከሄድኩ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆረጥብኛል?

አይቆረጥባችሁም። ይህን ወሬ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ግን ብዙ ሰው አስፈርቷል። ግብሩ የሚመጣው ከመገኘት ሳይሆን ከምዝገባ ነው። የመኖሪያ አድራሻ ስታስመዘግቡ ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ። እዚያ «ሮማን ካቶሊክ» ብሎ የሞላ ሰው ከገቢ ግብሩ ላይ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ 8 በመቶ፣ በሌሎቹ ክልሎች 9 በመቶ ተጨማሪ ይከፍላል። ከደመወዙ ላይ አይደለም፣ ከግብሩ ላይ ነው። የወር የገቢ ግብሩ 300 ዩሮ የሆነ ሰው 24 ወይም 27 ዩሮ ይከፍላል ማለት ነው። ኦርቶዶክስ ብሎ የሞላ ይህ አይመለከተውም። ካቶሊክ የሆናችሁ ግን ይመለከታችኋል።

ምን ልልበስ? ጫማ ይወለቃል?

ጫማ አይወለቅም! በካልሲ ገብታችሁ ብርዱን ብቻ ነው የምታተርፉት፤ የድሮዎቹ ቤተ ክርስቲያኖች ወለላቸው ድንጋይ ነው። ንጹሕና ደህና ልብስ ይበቃል። ነጠላ መልበስ የወደደች ትልበስ፣ ያምራልም፣ ግን ሴት ልጅ ራሷን እንድትሸፍን አይጠበቅም። ወንድ ኮፍያውን ያወልቃል። ወንድና ሴት ቀላቅለው ነው የሚቀመጡት። ጃኬት ያዙ፣ ማሞቂያውን ገና አልከፈቱትም።

በስንት ሰዓት ልድረስ?

«10፡00» ተብሎ ከተጻፈ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ ደወሉም 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ያን ቀን ቦታ ቶሎ ይሞላል፣ ደግሞ መንበሩን በቅርብ የምታዩት ቀድማችሁ ከገባችሁ ነው። ቅዳሴው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የእኛን ለለመደ «ይኼው ነው?» የሚያሰኝ ነው። እሑድ ሥራ ካላችሁ ቅዳሜ ማታ የሚቀድሱ አሉ፤ የመከሩ መንበር ያኔም ተዘጋጅቶ ይቆያል።

ውስጥ ምን ይደረጋል?

ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። ፖም፣ ጭድ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ትንሽ ደግሞ የአፈር ሽታ። መንበሩ ፊት ዱባ በየዓይነቱ ተደርድሯል፣ ብርቱካንማው፣ አረንጓዴው፣ እንደ ጥምጥም የተጠቀለለው። ጎመን ከነቅጠሉ፣ ካሮት ከነአፈሩ፣ የወይን ዘለላ፣ የማር ብልቃጥ፣ በቆሎ፣ ነዶ ስንዴ። መሐል ላይ ትልቅ ድፎ የሚያህል ዳቦ ይቀመጣል፤ ፊቱ ላይ ከሊጥ የተሠራ የስንዴ ዛላ ወይም መስቀል አለበት። አንዳንድ የከተማ ቁምስናዎች የሥራ መሣሪያም ይጨምራሉ፣ መከር ማለት የእርሻ ብቻ አይደለም ለማለት።

ከዚያ ሕፃናቱ ይገባሉ። ካህኑን ተከትለው፣ ቅርጫታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። አንዷ ሁለት ፖምና አንድ ዱባ ይዛለች፣ ዱባው ከብዷት ቅርጫቱ ወደ ጎን ተዘንብሏል፣ እናትየው ከወንበር ተነስታ ልትረዳት ትፈልጋለች፣ አትችልም። ከሥርዓቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ ይህን እዩ።

የቀረው መደበኛ ቅዳሴ ነው። ንባብ፣ ስብከት፣ የምእመናን ጸሎት፣ መባ፣ ቁርባን። ከወንጌል ብዙ ጊዜ የሚነበበው ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያሰበው ሀብታም (ሉቃስ 12) ወይም ከተፈወሱት ዐሥር ለምጻሞች ለማመስገን የተመለሰው አንዱ (ሉቃስ 17) ነው። በረከቱ የሚሰጥበት ቦታ ከቁምስና ቁምስና ይለያል። ካህኑ እየዞረ አዝመራው ላይ ጠበል ይረጫል። ፊት ወንበር ላይ ከሆናችሁ እናንተም ይደርሳችኋል። ዕጣን አንዳንዴ ያጥናሉ፣ አንዳንዴ የለም።

መቆም፣ መቀመጥና መንበርከክ ይፈራረቃሉ። ፊታችሁ ያለው ሰው የሚያደርገውን አድርጉ። መንበርከክ ካልፈለጋችሁ ተቀመጡ፣ ማንም አይታዘባችሁም። የሰላምታ ጊዜ ሲደርስ ጎረቤቶቻችሁ ዞር ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። «ፍሪደ» ብላችሁ መጨበጥ በቂ ነው፤ ጎንበስ ብትሉም ይገባቸዋል።

አንዳንድ ቦታ የምታገኙት ቅዳሴ ላይሆን ይችላል። ካህን ካልተገኘ በምእመን የሚመራ የቃለ እግዚአብሔር ጉባኤ ይደረጋል። ከፕሮቴስታንቶች ጋር በአንድነት የሚያከብሩም አሉ፣ ሜዳ ላይ፣ ጎተራ ውስጥ፣ ትራክተር ተደርድሮ።

ቁርባን ሲሰጥ ምን ላድርግ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲሰለፍ እንግዳ ሰው ይደናገጣል፣ አብሮም ይነሳል። አትነሱ። እግራችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ለሚያልፈው መንገድ ስጡ፣ በቃ። የሚቀሩ ጀርመኖችም ብዙ ናቸው።

ሕጉን ማወቅ ለሚፈልግ፦ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ቁጥር 844፣ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን በራሳቸው ፈቃድ ከጠየቁና በሚገባ ከተዘጋጁ ቁርባን እንዲሰጣቸው ይፈቅዳል። ስለዚህ በእነሱ በኩል በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የእኛይቱ ኦርቶዶክስ ግን ልጆቿ ሌላ ዘንድ እንዲቆርቡ አትፈቅድም። ስለዚህ ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው አይቆርብም። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ከሆናችሁ፣ በግዕዝ ሥርዓት ያደጋችሁም ብትሆኑ፣ እንደማንኛውም ካቶሊክ ትቆርባላችሁ።

መካከለኛ መንገድም አለ። ተሰልፋችሁ ካህኑ ጋር ስትደርሱ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ ካመሳቀላችሁ ቡራኬ ብቻ ይሰጣችኋል። ያልቆረቡ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ወጥተው ይባረካሉ።

መጨረሻ ላይ ዳቦ ሲያድሉስ? እሱም ቁርባን ነው?

አይደለም። ይህ ብዙ ሰው ያምታታል። ከቅዳሴ በኋላ የሚቆረሰው ትልቁ ዳቦ የተባረከ ዳቦ ነው፣ እንደኛው ጠበል ጻዲቅ። ማንም ይበላዋል። በር ላይ ደግሞ «ሚኒብሮት» የሚባሉ ጭብጥ የማይሞሉ ዳቦዎች በቅርጫት ይዘው የሚቆሙ ወጣቶች አሉ። ዳቦ ወስዳችሁ የፈቀዳችሁትን ሳጥኑ ውስጥ ትጥላላችሁ። ገንዘቡ ለልማትና ለእርዳታ ሥራ ይሄዳል። ዋጋው ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁ፣ «የፈለጋችሁትን» ነው መልሱ።

ባዶ እጄን ልሂድ ወይስ ምን ልያዝ?

ባዶ እጅ መሄድ ነውር አይደለም። መያዝ ከፈለጋችሁ ቀላሉ ፖም፣ ድንች፣ ዱባ ነው። ቶሎ የማይበላሽ ደረቅ ነገርም ይወዳሉ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዱቄት። ምክንያቱም ከበዓሉ በኋላ ብዙው የሚሄደው ለችግረኞች ምግብ ወደሚያድለው ወደ ታፍል ነው። ታፍል በ1993 በርሊን ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ በመላው አገሪቱ አለ። ዕቃውን የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ነው፣ ማስጌጡ ቅዳሜ ስለሚያልቅ። እሑድ ጠዋት ይዛችሁ ብትመጡ ግን ማንም አይመልሳችሁም፣ መንበሩ ጎን ታስቀምጣላችሁ።

የእኛን ነገር ማምጣትስ? ለምን አይሆንም! በነጭ ጨርቅ ላይ የተዘረጋ ጤፍ፣ ያልተቆላ ቡና፣ ድፎ ዳቦ፣ ሁሉም መንበሩ ፊት ደህና ይቀመጣሉ። ሰዉም ከቅዳሴ በኋላ ጤፉን በጣቱ እየነካ «ይህ ዘር ነው?» ይላል። ብቻ ቀደም ብላችሁ ለቁምስናው ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ፋርቡሮ ይባላል፤ የሚከፈተው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ለካህኑ ስታወሩ «ሄር ፋረር» ብትሉ ጨዋ ነው።

ለልጁ ቅርጫት ትልቅ ነገር አትግዙ። ሁለት ፖም፣ አንድ ካሮት፣ አንድ አበባ። ዋናው ነገር ልጁ ሊሸከመው መቻሉ ነው።

ገንዘብ መስጠት አለብኝ?

መባ ሲሰበሰብ ቅርጫት ይዞራል። አንድም ሁለትም ዩሮ የሚጥል አለ፣ 5 ወይም 10 የሚጥል አለ፣ ዝም ብሎ ለጎረቤቱ የሚያሳልፍም አለ። ሳንቲም ያዙ፣ በካርድ የሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው።

ከጣሪያው የተሰቀለው ትልቁ የእህል አክሊል ምንድን ነው?

ኤርንተክሮነ ይባላል። ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከአጃና ሮገን ከሚሉት የጥቁር ዳቦ እህል ይሠራል። አራቱም በአንድ የብረት ቀፎ ላይ ተጎንጉነው እንደ ዘውድ ይወጣሉ።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እህሉ የሚታጨደው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ነው፣ ያለዚያ ዛላው ይረግፋል። ከዚያ ተዘቅዝቆ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። መስከረም ላይ ሴቶቹና አዛውንቶቹ ጎተራ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንዷ ዛላውን በእኩል ርዝመት ትቆርጣለች፣ አንዷ እፍኝ እፍኝ ታደርጋለች፣ ሦስተኛው በቀጭን ሽቦ ከቀፎው ጋር ጥብቅ አድርጎ ያስራል። እያንዳንዱ እፍኝ የቀደመውን ማሰሪያ ይሸፍናል፣ ስለዚህ ሽቦው በየትም አይታይም። የገብሱ ጢም እንደ ጭራ ወደ ታች ይንዠረገጋል። ስትሄዱ ከሥር ቆማችሁ ቀና ብላችሁ እዩት፤ ሽቦ ካገኛችሁ ቸኩለው ሠርተውታል።

ከቅዳሴ በኋላ ያለው ምግብ ለእኛ ይሆናል?

እየመረጡ ነው። ቁምስናው አዳራሽ ውስጥ ወይም ግቢው ላይ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ይጫወታል። የሚቀርበው ግን የአሳማ ሥጋ ይበዛበታል። ቋሊማው አሳማ ነው። ያ ይታወቃል። የማይታወቀው የተደበቀው ነው። የድንች ሾርባው ውስጥ በትናንሹ የተከተፈ አሳማ ይኖራል። የሽንኩርት ኬክ የሚሉት፣ ሲያዩት የጾም የሚመስለው፣ እንቁላል፣ ክሬምና ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አለበት። «ኦነ ሽቫይን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ያለ አሳማ ማለት ነው፤ በደስታ ያሳዩአችኋል። የዱባ ሾርባው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ የለበትም፣ ክሬም ግን አለበት። የጽጌን ጾም የምትጾሙ ከሆነ፣ መስከረም 26 ስለሚጀምር አንዳንድ ዓመት ከበዓሉ ጋር ይገጥማል። ያኔ ዳቦውና ፖሙ አለላችሁ።

የሚጠጣውም ነገር አለ። ደመና የመሰለች፣ ጣፋጭ፣ እንደ ጭማቂ የምትወርድ ነገር ብትቀርብላችሁ ፌደርቫይሰር ናት፤ ገና በመፍላት ላይ ያለች የወይን ጠጅ። እንደ ጠጃችን ጣፋጭነቷ ያታልላል። ጠርሙስ ገዝታችሁ ወደ ቤት ከወሰዳችሁ አቁማችሁ ያዙ፣ ክዳኗ አየር እንዲያወጣ ተብሎ አይጠብቅም፤ ቦርሳ ውስጥ ካጋደማችኋት ቦርሳችሁን ታጥባላችሁ።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ቅዳሴው እየተካሄደ አታንሱ። ሲያልቅ መንበሩን እንደልባችሁ። የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ ግን ተጠንቀቁ፣ ጀርመኖች በዚህ አይቀልዱም።

ጀርመንኛ ብዙም አልችልም። ይከብደኛል?

ቅዳሴ የለመደ ሰው አይጠፋበትም፣ መቼ ወንጌል መቼ አባታችን ሆይ እንደሆነ ከሰዉ አኳኋን ይገባል። የመዝሙሩ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይታያል፣ መጽሐፉ ወንበሩ ላይ ወይም መግቢያው ጋ አለ። አባታችን ሆይን በአማርኛ፣ ለራሳችሁ፣ በሉት።

ከስቱትጋርቱ ትልቅ ፌስታ ጋር አንድ ነው?

አሁን አይደለም፣ ዘሩ ግን ከመከር ነው። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ሰማዩን ሸፍኖ በ1816 አውሮፓ በጋ ሳታይ ቀረች፣ እህልም ጠፋ። ረሀቡ ሲያልፍ የቩርተምበርግ ንጉሥ ቀዳማዊ ቪልሄልም በ1818 ዛሬ የስቱትጋርት ክፍል በሆነችው ካንሽታት ላይ የእርሻ በዓል አቋቋመ። ዛሬ ቢራና የሚሽከረከር መጫወቻ ነው። በፍራፍሬና በእህል ያጌጠው ረጅሙ ዓምድ ግን አሁንም መሐል ሜዳው ላይ ይቆማል።

መንግሥት በዓሉን ለራሱ የወሰደበት ጊዜም ነበር። ናዚዎች ከ1933 እስከ 1937 በሃመልን አጠገብ ቡከበርግ በሚባል ኮረብታ ላይ መቶ ሺዎችን እየሰበሰቡ የመከር በዓል ብለው የፕሮፓጋንዳ ሰልፍ አድርገውበታል።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትባልስ?

ደቡብ ጀርመን ውስጥ ለምትኖሩ ኦተርስቫንግን እላለሁ። ባድ ሹሰንሪድ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ናት። የቅዱስ ኦስቫልድ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በየዓመቱ ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከዘር የተሠራ ምንጣፍ የሚያህል ሥዕል ይዘረጋል። ቀለም አይቀቡም፤ ቀይም ጥቁርም ቢሆን ከራሱ ከዘሩ ነው የሚመጣው። ሥዕሉ ከበዓሉ እሑድ በኋላም ስለሚቆይ፣ ግርግሩን ለማትወዱ በሥራ ቀን ብትሄዱ ይሻላል። ሌላ ቦታ ላላችሁ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰፈራችሁ ያለውን ደወል ተከትላችሁ ግቡ።